ሽጉጥ ያልገባበት ማኅደር

ሰፈሩ ውስጥ «ደንባራው» ሲባል የማያውቀው የለም። ስሙን ያወጡለት የፖሊስ ዕቃ ማምረቻ ውስጥ አብረውት ቆዳ ይሰፉ የነበሩ ባልደረቦቹ ናቸው፤ አለቃቸው ካቦው መሳቢያ በዘጋ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይል ነበርና። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውሰው ሚስቱ ብቻ ስትሆን፣ እሷም የምትጠራበት ስትቆጣ ነው። ሰውዬው ፈሪ ነው። ይህን ለማለት ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም፤ ራሱም አይክድም። ውሻ ይፈራል፣ መሰላል ይፈራል፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይፈራል፣ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ «ቀጣይ!» የሚል ሰው ሁሉ ይፈራል። በር ሲንኳኳ «ማነው?» የምትለው ሚስቱ ናት፤ እሱ ጓዳ ገብቶ ድምፅ ያዳምጣል።

እጁ ግን አይፈራም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በቁልፍ ቀራጩና በፀጉር አስተካካዩ መካከል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀደደ ቦርሳ፣ የላላ ቀበቶ፣ አፉን የከፈተ ጫማ ይሰፋል። ወስፌ ከጨበጠ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ክሩን ሰም ይቀባዋል፣ ይበሳል፣ ያሾልካል፣ ይስባል። ከእሱ ስፌት ላይ እንከን የሚያገኝ ደንበኛ እስካሁን አልተወለደም።

ጉዱ የፈላው ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ የወርቅ ቤት በሽጉጥ ተዘርፎ ኖሮ ፖሊሶች ሰፈሩን ቤት ለቤት ይፈትሹ ጀመር። ከደንባራው ቤት ምንም አላገኙም፤ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሚንቀጠቀጠው ከራሱ በቀር። ቀጥሎ ያለው ቤት የሟቹ ኤሌክትሪሺያን ነው። አሁን የሚኖሩበት ሚስቱና የአባቱን ሙያ የያዘው የሃያ አምስት ዓመት ልጁ ናቸው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሴትዮዋ ጩኸት ተሰማ። ደንባራው የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ሲያይ ልጁን በካቴና አስረው ያወጡታል፤ ከኋላው የሚከተለው ፖሊስ ደግሞ በሁለት ጣቱ አንድ ነገር አንጠልጥሏል። ቡናማ ቆዳ ነው። ክዳኑ ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ያለ የነሐስ ቁልፍ አለው። የሽጉጥ ማኅደር!

ደንባራው ክው አለ። በዚያ ርቀት፣ ያውም በአቧራማ መስታወት ውስጥ፣ ወዲያው አወቀው። የገዛ እጁ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ማምረቻው ውስጥ በተቀጠረ በአምስተኛው ወር፣ የሽጉጥ ማኅደር እንዲሰፋ ተመደበ። የካርቶኑን ቅርጽ ቆዳው ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ዙሪያውን መሳል፣ መቁረጥ፣ መስፋት ነው ሥራው። ቅርጹ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ፀጉር በነበረበት፣ በለስላሳው ገጽ ነው። የዚያን ዕለት ካቦው ከኋላው መጥቶ ቆመ። ካቦው ከኋላ ሲቆምበት ደንባራው ግራና ቀኙ ይጠፋዋል። ቆዳውን ገልብጦ በሻካራው ገጽ ላይ ሳለና ቆረጠ። ሰፍቶ ጨርሶ ከሌሎቹ ጋር ሲደረድረው ነው ያየው፤ ሌሎቹ ሁሉ በቀኝ ወገብ የሚታሰሩ ሲሆኑ የእሱ ቅርጹ ተገልብጦ በግራ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ማምረቻው በታሪኩ የግራ ማኅደር ሠርቶ አያውቅም።

ሕጉ ግልጽ ነበር። የተበላሸ ዕቃ ካቦው ፊት ለሁለት ይቆረጣል፣ ስምህ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በዚያው ሳምንት ግን አንድ ባልደረባቸው ኪሱ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ የነሐስ ቁልፍ ተገኝቶበት ከመካከላቸው ተወስዷል። ወንበሩ ባዶውን ቀረ፤ ሰውዬው ተመልሶ አልመጣም። ደንባራው ካቦውን ፈርቶ ማኅደሩን ከሸሚዙ ሥር ሸሸገ፤ ጎደሎውን ከቁርጥራጭ ቆዳ አብቃቅቶ ሌላ ሰፍቶ ሞላ። በሩ ላይ እንዴት አድርጎ እንዳለፈ እስከ ዛሬም አያስታውስም። ቤቱ ከገባ በኋላ ደግሞ የባሰ ፍርሃት መጣ። ላቃጥለው ቢል የቆዳ ሽታ ሰፈር ያዳርሳል። ልጣለው ቢል የፖሊስ ማኅተም አለበት። ላስቀምጠው ቢል እንቅልፍ ነሳው። መጨረሻ ላይ ለጎረቤቱ ለኤሌክትሪሺያኑ ሰጠው። ኤሌክትሪሺያኑ ግራኝ ነበርና ፒንሳውን የሚሸጉጥበት አግኝቶ በሳቅ ፈነዳ። «በዓለም ላይ ለእኔ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ዕቃ ይኸው!» አለ። እስኪሞት ድረስ ፒንሳውን ከዚያ ውስጥ እየመዘዘ ኖረ።

እና አሁን ልጁ ታሰረ።

ማክሰኞ ወሬው ሰፈር ውስጥ ተዳረሰ። መርማሪው ለልጁ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። «ማኅደሩ ይኸው። ሽጉጡን አምጣ።» ዕቃው የፖሊስ ማኅተም አለበት፤ ቁጥር ግን የለበትም። ስለዚህ ቁጥሩ ተፍቋል ብለዋል። በግራ መሆኑ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረ። ለአንድ ትልቅ ሹም በልዩ ትእዛዝ የተሠራ መሆን አለበት፣ ያ ሹም ምን ሆነ፣ ሽጉጡስ ከማን እጅ ገባ እየተባለ ይብላላል። ልጁ ሽጉጡን ካላመጣ የወርቅ ቤቱ ዘረፋ በእሱ ላይ ሊወድቅ ነው። የሌለ ሽጉጥ ከየት ይምጣ? ማኅደሩ ውስጥ በዘመኑ ሽጉጥ ገብቶበት እንደማያውቅ ማስረዳት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ደንባራው ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ፊትህ እኮ አመድ መሰለ» አለችው ሚስቱ ምሳው ሳይነካ ሲቀር።

ነገራት። ከጋብቻቸው በፊት የተፈጸመ ስለሆነ ይህን ሰምታ አታውቅም። ሲነግራት ድምፁ እየጠፋ ሦስት ጊዜ «ምን አልክ?» አሰኛት። ሲጨርስ ያልተነካውን ሳህን ወደ ጎን ገፋችው።

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«እኔ እንጃ። የመንግሥት ንብረት ነው የሰረቅኩት። ያንን በእፍኝ የነሐስ ቁልፍ የተወሰደውን ሰውዬ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሂድም አልልህ፣ አትሂድም አልልህ» አለች ሚስቱ። ቀልድ የማያጣት ሴት ዛሬ ቀልዱ ጠፍቷታል። «ሄደህ ከቀረህ እኔን ምን ይውጠኛል? ካልሄድክ ደግሞ የልጁን እናት ዓይን በየት በኩል ነው የማየው?»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አልሄደም። የዚያን ቀን የሠራው ሁሉ ተበላሸ። የአንዲት መምህርት ቦርሳ ማንገቻውን አዙሮ ሰፋው። ወስፌውን ጣቱ ላይ ተከለው። መንገድ ላይ የመኪና በር ሲዘጋ ሐሞቱ ፍስስ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ብቅ ብሎ «ያ ልጅ ነገሩ ከረረበት አሉ» ሲለው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው ግን ጋለ። የልጁ እናት ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ወደ ጣቢያው ስትሄድ በበሩ አልፋ እንደወትሮዋ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለችው። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» አላት። ራሱን ጠላ። ግን ጠልቶትም አልተነሣም።

ሐሙስ ጠዋት ሴትዮዋ ደጁ ላይ ቆመች። እጇ ላይ የልጇ ጫማ አለ፤ ሶሉ ከፊት በኩል ተላቅቋል።

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ያዛውሩታል» አለች። ድምፅዋ ደርቋል፤ ያለቀሰችው ሁሉ አልቆባታል። «ሲወስዱት በነጠላ ጫማ ነበር። እዚያ ብርድ ነው ይላሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ይደርስልኛል ጋሼ?»

«ይደርሳል» አላት። «ራሴ አደርሰዋለሁ።» ይህን ለምን እንዳለ አላወቀም። አፉ ቀድሞት ነው።

ጫማውን ሲሰፋ እጁ ተንቀጠቀጠ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ በፊት ሲፈራ ይሳሳታል እንጂ እጁ ተንቀጥቅጦ አያውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ ፈትቶ እንደገና ሰፋው። ጨርሶ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ የልጁን የወህኒ ቤት ጫማ እየሰፋለት መሆኑ ትዝ አለው። ኮቱን ለበሰ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ለቁልፍ ቀራጩ ሰጠ። «ካልተመለስኩ ለሚስቴ ስጣት» አለው። ቁልፍ ቀራጩ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ጣቢያው በር ላይ የቆመው ዘብ ወጣት ነው፤ የልጅ ልጁ ቢሆን ያምርበታል። ደንባራው ግን ሲያየው ጫማውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ምን ፈልገው ነው አባት?»

«ጫማ... ጫማ ላደርስ ነው። ለእስረኛ።»

«ለማኅደሩ ልጅ ነው? እዚህ ያስቀምጡትና ይሂዱ። እሰጥልዎታለሁ።»

ይሂዱ! ደንባራው ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዞረ። ማንም አልያዘውም። ፀሐዩ ላይ ወጥቶ፣ ወደ ክፍሉ ተመልሶ፣ ቁልፉን ተቀብሎ፣ የቁልፍ ቀራጩን ሳቅ አብሮ ስቆ መኖር ይችላል። ሦስት እርምጃ ተራመደ። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ከግቢው ውስጥ መኪና ሞተሩን ሲያስነሣ ተሰማ። የትኛው መኪና ነው? ልጁ ገብቶበት ይሆን? ይህኛው ፍርሃት ከዚያኛው በለጠ።

«ማኅደሩ የኔ ነው» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

«ምን አሉ?»

«ማኅደሩ። የኔ ነው። የሰረቅኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪው ወፍራም፣ የደከመው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተከምሯል፤ ከወረቀቱ ላይ ማኅደሩ ተጋድሟል። ደንባራው ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ከቅርብ አየው። ቆዳው በእጅ ላብ ጠቁሯል፣ የነሐሱ ቁልፍ አረንጓዴ አውጥቷል። ስፌቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መካከል ትንሽ ኮራ።

«ይቀመጡ» አለ መርማሪው። «ልጁን ለማዳን ነው የመጡት? ስንቱ ሽማግሌ መጥቶ ስንቱን ነገረኝ መሰለዎት። የእርስዎ መሆኑን በምን ላምን?»

ደንባራው ማስረዳት ጀመረ። ቃላቱ እየተጋጩበት፣ ላብ እያጠመቀው፣ የካርቶኑን ቅርጽ፣ የተገለበጠውን ቆዳ፣ ከኋላው የቆመውን ካቦ ተናገረ። ቁጥሩም አልተፋቀም አለ። ቁጥር የሚመታው ዕቃው ከግምጃ ቤት ሲወጣ ነው፤ ይህ ደግሞ ግምጃ ቤት ገብቶ አያውቅም። በጣቱ አሳየ፤ ቁጥሩ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ የቆዳው ገጽ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ይህንን ማንም ቆዳ የሚያውቅ ሰው ሊያወራው ይችላል» አለ መርማሪው።

ደንባራው ዓይኑን ጨፈነ። የቀረችው አንድ ነገር ነበረች፤ እሷን ደግሞ ለሚስቱም አልነገራትም፣ አሳፍራው።

«ጌታዬ፣ ከታች በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ አለ። ከውጭ አይታይም። የሌሎቹ ሁሉ ቡናማ ነው። የዚህ ጥቁር ነው። የተሰጠኝን ጥብጣብ አሳጥሬ ቆርጬ አበላሸሁትና ካቦውን ሌላ ስጠኝ ማለት ፈራሁ። ከገዛ ጫማዬ ምላስ ቆርጬ ነው የሰፋሁበት። ይፍቱትና ይዩ።»

መርማሪው ማኅደሩን ወደ ራሱ ሳበ። ከመሳቢያው ምላጭ አወጣ። መሳቢያው ሲዘጋ ደንባራው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ መርማሪውም ደንግጦ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ሁለቱም ተያዩ። መርማሪው እጁን ቀስ ብሎ መለሰ። ከዚያ ከታች በኩል አራት ስፌት በጠሰ፣ ሁለቱን ቆዳዎች በአውራ ጣቱ ከፈለ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

ጥቁር ነበር።

«እሺ፣ የእርስዎ ሥራ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ሽጉጥ አልገባበትም ማለት አይደለም።»

«አይገባበትም ጌታዬ። ማኅደር ከተሰፋ በኋላ ውኃ ውስጥ ይነከርና በሽጉጥ ልክ የተቀረጸ የእንጨት ፎርማ ገብቶበት ይደርቃል። ያኔ ነው ሆዱ የሚከፈተው። የግራ ፎርማ ማምረቻው ውስጥ አልነበረም። ይህ እንደ ፖስታ ጠፍጣፋ ነው። የእርስዎን... ያንን...» ወደ መርማሪው ወገብ ጠቆመ። ቃሉን ሊጠራው አልቻለም። «ይሞክሩት።»

መርማሪው ሽጉጡን አወጣ። ደንባራው ሞቱን ጠበቀ። መርማሪው ጥይቱን አራግፎ አፈሙዙን ወደ ማኅደሩ ከተተ። ግማሽ ድረስ ሄዶ ተወተፈ። ተነሥቶ ቆሞ በመዳፉ ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። አውጥቶ ማኅደሩን ወረቀቱ ላይ ሲያራግፈው አቧራና ሁለት ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ወደቀ። አንዱን ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው።

«ፒንሳ ነው ያለኝ፣ ያ ልጅ» አለ ለራሱ። «ስንቴ ነገረኝ።» ብዕሩን አነሣ። «እንግዲህ ቃልዎን ልጻፍ። የመንግሥት ንብረት ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«መስረቅ አያስፈራም ነበር?»

«ካቦው ይብስ ነበር ጌታዬ።»

«ካቦው አሁን የት ነው?»

«ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።»

መርማሪው ቀና አለ። «አሁንም ይፈሩታል?»

«አሁንም» አለ ደንባራው።

መርማሪው ሊስቅ ነበር፤ ግን የሰውዬውን ፊት አይቶ ተወው። ወረቀቱን አዙሮ አስፈረመው። ምሕረትም ቅጣትም አልተናገረም፤ «ስንፈልግዎ እንጠራዎታለን» ብቻ አለ። ይህች «እንጠራዎታለን» ደንባራውን ዕድሜውን ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ስታስደነግጠው እንደምትኖር አሁኑኑ ታውቆታል። ከዚያ መርማሪው በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ጮኸ። «ያንን ልጅ ፈታችሁ አምጡት! መኪናው ይቆይ!»

ልጁ ወጣ። በሦስት ቀን ጉንጩ ጎድጉዷል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል። እንደ አባቱ ግራኝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚልጥባቸው፣ እንጀራውን የሚበላባቸው ጣቶች ናቸው። ደንባራውን ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ሲያየው ግን ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው ፊቱ ላይ የታየው።

«ጋሼ! እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ድምፁን ቀነሰ። «እማዬ ነገረችዎት? አትንገሪያቸው ብያት ነበር እኮ።»

«ምኑን ነው የምትነግረኝ?»

«የእርስዎ ሥራ መሆኑን ነዋ። እኔም እማዬም እናውቃለን። አባባ ሊሞት ሲል ነው የነገረን። 'ማንም ቢጠይቃችሁ ከየት እንደመጣ አናውቅም በሉ፤ ያ ሰው ስሙ ፖሊስ ጣቢያ ከተጠራ በቁሙ ይሞታል' ብሎን ነበር።»

ደንባራው አሁን ገባው። ረቡዕ ቀን ሴትዮዋ በበሩ አልፋ እንደምን ዋሉ ስትለው የልጇን መፈቻ አፏ ውስጥ ይዛ ነበር። ይዛ አልፋ ሄደች። ልጁ ደግሞ እዚህ ውስጥ፣ በተጠየቀ ቁጥር፣ አንድ ስም ብቻ ቢጠራ ይወጣ ነበር።

«ስንት ጊዜ ጠየቁህ?» አለ የልጁን ጣቶች እያየ።

«አልቆጠርኩትም ጋሼ። ይተዉት። እንሂድ፣ እማዬ ውጭ ትጠብቃለች።»

ደንባራው ሊራመድ ሞከረ፤ እግሩ አልታዘዝ አለው። ልጁም በደህናው እጁ ክንዱን ደግፎ፣ «አይዞዎት፣ ምንም የለም፣ አለቀ እኮ» እያለ ቀስ አድርጎ ይዞት ወጣ።